የሞተው ሄልሜት

ጫማ ሰፊው የማስቲሹን ቆርቆሮ ከፍቶ በጣቱ መቀባት ሲጀምር ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባና፣ ሳላስበው እጄ ወደ ራሴ ሄደ። አናቴን በጣቴ አንጓ ኳ ኳ አደረግኩት።

«ራስሽን አመመሽ እንዴ እህቴ?» አለኝ ሰውየው ቀና ብሎ።

«የለም፣ ውስጡ ሰው መኖሩን እያየሁ ነው» አልኩት።

ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። አንድ እግሬን ባዶ አድርጌ እዚያች ዱካ ላይ እንደተቀመጥኩ ካርቱም ነበርኩ፤ ቡሪ ሠፈር፣ የአከራያችን የኻልቲ ነፊሳ ግቢ ውስጥ፤ ኻልቲ በዓረብኛ አክስቴ ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።

ያ ዓመት መንግሥት የወደቀበት ነው። ትልልቅ ሰዎች በሰልፉና በጥይቱ ያስታውሱታል። እኔ ደግሞ የማስታውሰው በአንድ ረጅም ከረጢት ነው። እማዬ አል-ጣኢፍ ሠፈር ፈረንጆች ቤት ትሠራ ነበር፤ ሰልፉ ሲበረታ ፈረንጆቹ ሾርባቸውን ምድጃ ላይ እንደጣዱ በአንድ ቀን ወጡ፣ ለእማዬም ያንን ከረጢት ተዉላት። ስንከፍተው ሁለት ዱላ፣ ጥቂት የቆዳ ጓንት፣ አምስት ሄልሜት፣ ፊት ላይ የሚታሰር የብረት ፍርግርግ፣ የትልቅ ብርቱካን መጠን ያላቸው ቢጫ ኳሶች። ከሄልሜቶቹ አንዱ ቀይ ነበር፤ እኔ እሱን ነጠቅኩ። ውስጡ ስፖንጁ ላይ ነጭ የሚመስል ረጅም ፀጉር ተጣብቋል። የሴት ልጃቸው ነው አለችኝ እማዬ። ልጅቷን አይቻት አላውቅም፤ ፀጉሯን ግን በጣቴ ነቅዬ ነቅዬ አልጨረስኩትም። ጨረስኩ ስል በነጋታው ሌላ አገኛለሁ። ሲጨንቀኝ ተውኩት።

ጨዋታው ሶፍትቦል እንደሚባል የነገሩን ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው። አገር ቤት የስፖርት አስተማሪ ነበሩ። በፖለቲካ ተሰደው መጥተው ጀሪፍ ውስጥ የመኪና ወንበር ያለብሳሉ፤ ልብሳቸው፣ እጃቸው፣ ፂማቸው ሳይቀር ማስቲሽ ማስቲሽ ይላል። ከረጢቱን ሲያዩ ዓይናቸው ላይ አንድ ነገር በራ። በሳምንቱ የሠፈሩን የሐበሻ ሴት ልጆች ዘጠኝ አድርገው ሰበሰቡና ከጡብ ማቃጠያዎቹ አጠገብ ባለ ባዶ ሜዳ ላይ አሰለፉን። ከታክሲ ወንበር ስፖንጅ የደረት መከላከያ ሰፉልን፤ ከቢጫ ጀሪካን ቆርጠው ለቅልጥማችን ሠሩልን። ለብሰን ስንወጣ የአሮጌ ታክሲ ወንበሮች ተነስተው የሚሄዱ ይመስል ነበር። የሠፈሩ ሰው ቆሞ ይስቅብን ነበር። አንዷ እናት እንኳ «ይሄ ነገር የልጄን ፀጉር ይጨርሰዋል» ብላ ልጇን ልታስቀር መጥታ ነበር።

«ፀጉር ይበቅላል፤ ራስ አይበቅልም» አሏት ጋሽ ወንድይፍራው።

ሕጋቸው አንድ ነው፦ ሄልሜት የሌላት ዱላ አትይዝም። አምስቱን አካፍለውናል፤ ቀዩ ለኔ ብቻ፣ አራቱ ለሁለት ለሁለት። ሄልሜቷ የተሰበረባት ሌላ እስኪገኝ ቁጭ። ሌላ ደግሞ ካርቱምን ብትገለብጧት አይገኝም። ስንነጫነጭባቸው «አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ አሎሎ ስንወረውር…» ብለው ይጀምሩና አፋቸው እንደተከፈተ ይቀራል። ከዚያ ፊሽካቸውን ይነፋሉ። ያንን ወሬ እስከ መጨረሻው የሰማ ሰው የለም።

ከረጢቱ የሚያድረው እኛ ቤት ስለሆነ ጠባቂዋ እኔ ሆንኩ። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሄልሜቶቹን በሳሙና አጥቤ የግቢው ግንብ ላይ ደርድሬ አደርቃቸዋለሁ። ከዚያ አንኳኳለሁ። ማንኳኳቱን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

«እናትሽ ማሰሮ ስትገዛ ምን ታደርጋለች?»

«ታንኳኳለች።»

«ለምን?»

«ተሰንጥቆ እንደሆነ።»

«ይኸው ነው! ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል። የተሰነጠቀው አፉን እንደታፈነ ሰው ነው። ዓይን ይታለላል፣ ጆሮ አይታለልም።» ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ሚስጥር እንደሚነግሩኝ ሁሉ፣ «ስሚ ፌቨን፣ ሄልሜት ነፍሱ አንዲት ናት። አንዴ ይሰጥሽና ይሞታል። የሞተ ሄልሜት አድርጎ ከመውጣት ባዶ ራስ መውጣት ይሻላል፤ ባዶ ራሱን የወጣ ቢያንስ ይጠነቀቃል» አሉኝ።

እሳቸው ምሳሌ መናገራቸው ነበር። እኔ ግን ቃል በቃል ነው የወሰድኩት። ሄልሜቶቹ ነፍስ ካላቸው ያያሉ ማለት ነው ብዬ አመንኩ። አምስቱ ግንቡ ላይ ተደርድረው፣ ከጡብ ማቃጠያዎቹ የሚመጣው ጭስ ግቢውን ሲሞላው፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ እኔ ያዞሩ ይመስለኝ ነበር። ስሄድ ጀርባዬን አልሰጣቸውም፤ ወደ ኋላ እየረገጥኩ ነበር ቤት የምገባው።

ኢስራን ልንገራችሁ። ኢስራ የአከራያችን የኻልቲ ነፊሳ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ሱዳናዊት ሆና ከኛ ከሐበሾቹ ጋር ሜዳ የምትመጣው እሷ ብቻ ነበረች። ኳስ የምትወረውርልን እሷ ናት፤ ክንዷን ከታች አዙራ ስትለቀው ኳሱ አይታይም። ጋሽ ወንድይፍራው ሄልሜት ሲያንኳኩ አይታ የራሷን ጨዋታ አወጣችበት። ዱላ ይዤ ስገባ አናቴን ኳ ኳ ታደርግና «ፊ ዞል?» ትለኛለች። ሰው አለ? ማለቷ ነው። «ፊ!» እላለሁ። አለ! ካላልኩ ኳሱን አትወረውርም። ሁላችንም በሷ አበድን። እኔ በተለይ። እንደሷ ነጭ ጠርሃ፣ የራስ ሻሽ፣ ራሴ ላይ ጥዬ ስንጎራደድ እማዬ «አንቺ ደሞ መቼ ሰለምሽ?» ብላ ትስቅብኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ጋሽ ወንድይፍራው ወረቀታቸውን ሊያሳድሱ ሄደው አልመጡም። ኢስራ ትወረውራለች፣ እኔ ዱላ ይዣለሁ። ፈጣኑን ወርውሪልኝ ብዬ ለመንኳት። የኔ ነገር! ወረወረችው፤ ፈርቼ ዞርኩና ኳሱ ከጆሮዬ በላይ ሄልሜቱን አገኘው። ዓለም ሁሉ ጭው አለብኝ። ዓይኔን ስገልጥ ኢስራ ላዬ ላይ ተንበርክካለች፣ ከንፈሯ ደርቋል። በቀስታ አንኳኳችና «ፊ ዞል?» አለችኝ።

«ፊ» አልኩ።

አቅፋኝ አለቀሰች። ወዲያው ደግሞ መሳቅ ጀመረች። «ሄልሜቱን ለጋሽ አሳዪ እሺ? የግድ አሳዪው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ቤት ስደርስ ቀዩ ላይ ከጆሮው በላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ። አንኳኳሁት። ታፍኗል።

ቁጭ ልባል ነው! እስከ መቼ? ለዘላለም። የእማዬን ቀይ የጥፍር ቀለም ሰረቅኩና ስንጥቁን ሦስት ጊዜ ቀባሁት፤ ሲደርቅ ምንም አይታይም። ግን ጆሮ አለ። በሚቀጥለው ዓርብ ጋሽ ወንድይፍራው ጫማቸውን እያሰሩ «አንኳኪ፣ ልስማ» አሉኝ። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ሰማያዊውን አንኳኳሁ፣ ጥቁሩን፣ ሁለቱን ነጮች፣ ከዚያ ጥቁሩን ደገምኩት። አምስት ጥርት ያለ ድምፅ ሰሙ። «ጎበዝ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ነው ፍርሃቱ የመጣው። ሄልሜቱ ነፍሱ አንዲት ከሆነችና ለኔ ከሰጠኝ፣ እኔ ሁለት ነፍስ ይዤ እሱ ባዶውን ቀርቷል ማለት ነው። ባዶውን የቀረ ነገር ደግሞ ዝም አይልም፤ የራሱን ይፈልጋል። አድርጌው ስጫወት ውስጡ ይቀዘቅዘኛል፤ ያ ሁሉ የካርቱም ፀሐይ አናቴ ላይ እያለ! ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረዋለሁ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደኔ ዞሮ አገኘዋለሁ። እማዬ ቤት ስትጠርግ እያነሳች መልሳ እንደምትሰቅለው ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ጥፋቴን ለመናገር አፌን የከፈትኩበት ቀን ብዙ ነው። ዱላው ግን ያሳሳኛል፤ ቃሉን መልሼ እውጠዋለሁ።

ረመዳን ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሀቡብ፣ የአሸዋ አውሎ ነፋስ፣ መጣ። በጠራራ ፀሐይ ሰማዩ ቀላና ግቢው ጨለመ፤ አልፎ ሲሄድ ሁሉም ነገር አሸዋ ለብሶ ቀረ። ሄልሜቶቹን አጥቤ ግንቡ ላይ ደርድሬያቸው ነበር ኢስራ ከውጭ የገባችው። ሰልፈኞቹ ወጣቶች ከጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ፊት አደባባይ ላይ ለተቃውሞ ከተቀመጡ ሳምንታት አልፈዋል፤ እሷም እዚያው ውላ ታድር ነበር። ከንፈሯ በጾም ተሰነጣጥቋል፣ ልብሷ ጭስ ጭስ ይላል። እናቷ ገበያ ወጥተዋል።

«ያ ፌቨን» አለችኝ፣ አንቺ ፌቨን ማለቷ ነው፤ «ከነዚህ አንዱን አውሺኝ። ዛሬ ወሬው ጥሩ አይደለም። ነገ እመልስልሻለሁ ኢንሻላህ።»

መልሴን አልጠበቀችም። ግንቡ ጋ ሄዳ ከዳር ጀመረች። ሰማያዊውን አንኳኳች። «ፊ ዞል?» ጆሮዋን አስጠጋች። «ፊ» አለች ራሷ። ጥቁሩን። «ፊ።» ነጮቹን። «ፊ። ፊ።» ቀዩ ጋ ደረሰች። አንኳኳች። ቆየች። እንደገና አንኳኳች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

«ማፊ ዞል» አለች። ሰው የለም። ፈገግ አለች። «ባዶ ቤት ነው። እኔ እገባበታለሁ።»

በጠርሃዋ ላይ አደረገችው። አሁን ተናገሪ፣ አሁን! አልተናገርኩም። ዱላው አሳሳኝ ብቻ ብላችሁ ውሸቴን ነው። እውነቱ ከዚህ ይብሳል፤ ያ ነገር ከቤታችን ሊወጣልኝ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ኢስራ ጎንበስ ብላ አናቷን ሰጠችኝ። «በይ፣ አንቺ ደግሞ አንኳኪ» አለችኝ። አንኳኳሁ።

«ፊ ዞል?»

«ፊ!» ብላ ጮኸችና እየሳቀች በሩን ወጣች።

በነጋታው ንጋት ላይ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ከዝናቡ ውስጥ፣ ከአደባባዩ በኩል፣ ተኩስ ይሰማል፤ እማዬ አልጋ ስር አስገብታኝ ላዬ ላይ ተኛች። ሲረፍድ ዝም አለ። ያ ዝምታ ከተኩሱ የባሰ ነበር። ስልክ የለም፣ ኢንተርኔት የለም፤ መንገዱ ሁሉ በጡብና በተቃጠለ ጎማ ተዘግቷል። ቡሪ ውስጥ ሰው እንዳለ የምታውቁት በግንብ ላይ በሚያልፍ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ኢስራ አልተመለሰችም፤ ኻልቲ ነፊሳ ሊፈልጓት በየሆስፒታሉ በእግራቸው ዞሩ። ሲመለሱ ማንም አይጠይቃቸውም፤ ፊታቸው ይናገራል። ዒዱ መጣ፣ አለፈ። ለዒድ የጋገሩት ብስኩት ሳህኑ ላይ ጉንዳን ወረሰው።

እኔ ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። ቀዩ ከኔ ያጣውን ነፍስ ከሷ ወሰደ። አንድ ቀን መሸት ሲል ግንቡ ላይ ያሉትን አራት ሄልሜቶች ላነሳ ወጣሁና መሬት ላይ አምስት ጥላ አየሁ። አምስት! ቆጠርኩ፣ ደገምኩ፣ አምስት ነው። ጩኸቴን ሰምታ የመጣችው እማዬ አምስተኛው ከግንቡ ጥግ ያለው የውሃ እንስራ ጥላ መሆኑን ልታሳየኝ እንስራውን ገፋ አደረገችው። ጥላው ሲንቀሳቀስ አየሁ። አላመንኳትም። ምግብ እምቢ አልኩ። እማዬ «ልጄን ዓይን በላት» እያለች ታለቅስ ነበር።

ከዒድ በኋላ አንዲት የኢስራ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ፌስታል አንጠልጥላ መጣች። «አብረን ነበርን። ጭሱ ሲመጣ እጇ ከእጄ አመለጠ። ኋላ ይህን መሬት ላይ አገኘሁት» አለች። ከዚህ በላይ የምታውቀው የለም። ኻልቲ ነፊሳ ቀዩን ሄልሜት ከፌስታሉ አውጥተው አፍንጫቸውን ውስጡ ከተቱ። ለረጅም ጊዜ ቀና አላሉም። ስፖንጁ ላይ አንድ ረጅም ጥቁር ፀጉር ነበር።

ጋሽ ወንድይፍራው የተዘጋውን መንገድ ሁሉ በእግራቸው ተሻግረው ሊያጽናኑ መጡ። አንገረቡ ላይ፣ በገመድ በተጠለፈው አልጋ ላይ፣ ተቀምጠው ሄልሜቱን አነሱትና እንደ ልማዳቸው አንኳኩ። እጃቸው ባለበት ቀረ። ደግመው አንኳኩ። ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። በዓይናቸው ጠሩኝና ከእንስራው ጀርባ ወሰዱኝ።

«ማን ነው የቀባው?»

«እኔ።» ሁሉን ዘከዘክሁት፤ ኳሱን፣ የጥፍር ቀለሙን፣ ጥቁሩን ሁለቴ ማንኳኳቴን፣ ደስ ማለቴን ሳይቀር። «እኔ ነኝ የገደልኳት» አልኩ።

ጥፊ ጠበቅኩ። እሳቸው ሄልሜቱን ፊቴ ላይ አስጠጉት። «ተመልከች። ስንጥቁ ላይ ያለው ቀለም እንኳ አልተላጠም። ይህ ሄልሜት ካንቺ ወዲህ አልተመታም።»

«ታዲያ የት ሄደች?»

አፋቸውን ከፈቱ። እንደ አሎሎው ወሬ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ፊሽካቸውን ግን አልነፉም። ቆይተው «ስትወስደው አንኳኩታ ነበር?» አሉኝ።

«አምስቱንም።»

«ቀዩ ጋ ስትደርስ ምን አለች?»

«ማፊ ዞል። ባዶ ቤት ነው፣ እኔ እገባበታለሁ።»

ጋሽ ወንድይፍራው ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። «አውቃ ነው» አሉ። «ያች ልጅ አውቃ ነው። ጤነኞቹን ለናንተ ትታ የሞተውን ወሰደች።» ከዚያ በማስቲሽ በደረቀ እጃቸው ዓይናቸውን ጠርገው ወደኔ ዞሩ። «አንቺን ላጽናናሽ ብዬ አይደለም የነገርኩሽ። አሳፍረሽኛል። ለናቷ ራስሽ ትናገሪያለሽ።»

የሞተ ሄልሜት ማንም እንዳያደርገው በመጋዝ ይቆረጣል፤ ይህም ሕጋቸው ነው። ኻልቲ ነፊሳ ግን አልሰጡም። «ከልጄ የተመለሰልኝ ይሄ ነው» አሉና የግቢው የብረት በር ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ሚስማር መትተው ሰቀሉት። በሩን ዘግተው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ገርበብ ነው። ነፋስ በመጣ ቁጥር ሄልሜቱ ብረቱን ይመታል። ያ የታፈነ ድምፅ። ኻልቲ ነፊሳ ከየትም ይሁኑ ይሰማሉ። «ሚኑ?» ይላሉ፣ ማነው? እጃቸውን እየጠረጉ በር ድረስ ይሄዳሉ፤ መንገዱን ወዲያና ወዲህ አይተው ይመለሳሉ። በቀን አምስቴም ስድስቴም። እማዬ ሌላ ቤት እንከራይ አለች፣ ሐበሻው ሁሉ በዚያ ግቢ በር ማለፍ ፈራ። ጨዋታው እንደገና ሲጀመር እኔ አልሄድኩም። ለሳቸው ሳልናገር ዱላ መያዝ አልቻልኩም፤ ልናገር ስል ደግሞ ከበራቸው እመለሳለሁ።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሳ። ሄልሜቱ መታ። «ሚኑ?» አሉ ከውስጥ። ከሳቸው በፊት ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩ።

«እኔ ነኝ፣ ኻልቲ። ማንም አይደለም፣ እኔ ነኝ።» ከዚያ በዓረብኛ ሁሉን ነገርኳቸው። የሞተ መሆኑን አውቅ እንደነበር፣ ዝም እንዳልኩ፣ ከቤታችን በመውጣቱ ደስ እንዳለኝ። እሷም አውቃ እንደወሰደችው።

ኻልቲ ነፊሳ በሩ ድረስ መጡ። ነፋሱ ጠርሃቸውን ያነሳዋል፣ ሄልሜቱ ከጎኔ ብረቱን ይመታል። ከዚያ እጃቸው ሲነሳ አየሁና ዓይኔን ጨፈንኩ።

የመጣው የጣታቸው አንጓ ነው። አናቴ ላይ፣ በቀስታ። ኳ ኳ።

«ፊ ዞል?»

ጨዋታውን ያውቁት ነበር። ከግቢያቸው ሆነው ለካ ሜዳው ላይ ስንጮህ ይሰሙን ነበር። ዓይኔን ገለጥኩ። እንደገና አንኳኩ፣ አሁን ጠንከር አድርገው።

«ፊ ዞል፣ ያ ፌቨን?»

«ፊ» አልኩ እያለቀስኩ።

«አልሰማሁም።»

«ፊ!»

«ኸላስ» አሉ፣ በቃ ማለታቸው ነው። «ዛሬ ዓርብ አይደል? ሂጂ። ከጤነኞቹ አንዱን አድርጊ፤ ለናንተ ነው የተወችው።»

ሌሎቹን ልጆቹ ወስደዋቸዋል፤ ግንቡ ላይ የቀረውን ጥቁሩን አነሳሁ። አንኳኳሁት፣ ጥርት ብሎ ጮኸ። ሜዳው ድረስ ሮጥኩ። ኻልቲ ነፊሳ በሩን ከኋላዬ አልዘጉትም።